የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመጀመሪያ ሞተር፣ የፊት ፍሬን እና የቸርችል ቁልቁለት

ጥያቄ፦ ጎላ ሚካኤል አካባቢ እኖራለሁ፤ ሥራዬ ፒያሳ ነው። ሞተር ነድቼ አላውቅም። 150 ሲሲ ቦክሰር ሊሸጥልኝ የተስማማ ሰው «ሊብሬው ንጹሕ ነው፣ ሞተሩም ተከፍቶ አያውቅም» ይለኛል። መካኒክ ከመጥራቴ በፊት ራሴ ምን ምኑን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ወረቀቱን። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል ከታገደ ወዲህ መንቀሳቀስ የሚቻለው በፈቃድ ነው። ስለዚህ ቀብድ ሳይሰጡ የታርጋ ቁጥሩን ይዘው ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ይሂዱና ሞተሩ ወደ ስምዎ ቢዞር ከተማ ውስጥ መንዳት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የክልል ታርጋ ከሆነ በተለይ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር መሪው አንገት ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። የተፋቀ ወይም በአዲስ ቀለም የተሸፈነ ካዩ እዚያው ይተዉት።

ሻጩን «ሳታስነሳው ጠብቀኝ» ይበሉት። ሲደርሱ ሞተሩን በእጅዎ ዳሰስ ያድርጉት። ሞቆ ከጠበቀዎት ጠዋት አልነሳም የሚልበትን ችግር ሊደብቅዎት ይሆናል። ከተነሳ በኋላ ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፤ ያ ሞተር መክፈት ይጠይቃል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ይህኛው በማስተካከል የሚድን ስለሆነ ዋጋ ያስቀንሱበት እንጂ አይሽሹት።

ቀጥሎ በትልቁ መቆሚያ ያቁሙትና አንድ ሰው ከኋላ ተጭኖ የፊት ጎማውን ከመሬት ያንሳልዎ። መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ቀስ እያደረጉ ግራና ቀኝ ያዙሩት። ልክ መሃል ላይ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ያዝ የሚያደርገው ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል፤ እንዲህ ያለ ሞተር ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል። ካቴናውን ደግሞ መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉት። ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር መላላቱ ደህና ነው። ካቴናው የሚዞርበት የኋላው ጥርስ ጫፉ እንደ ማጭድ ከጎበጠ ካቴናውና ሁለቱም ጥርሶች አብረው ይቀየራሉ፤ አሮጌው አዲሱን ስለሚበላው አንዱን ብቻ መቀየር ብር መጣል ነው። የጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበት ጊዜ ናቸው፦ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት። ጥርሱ ቢኖርም የደረቀና የተሰነጣጠቀ ጎማ ክረምት ላይ አይታመንም።

በመጨረሻም ይቀመጡበት። ሁለቱም እግርዎ መሬት በደንብ ካልረገጠ ለመጀመሪያ ሞተርነት አይሆንዎትም።

ጥያቄ፦ የሞተር መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። ያለማመደኝ ሰው «የፊት ፍሬን እንዳትነኪ፣ ያስፈነጥርሻል» ይለኝ ነበር። ትናንት ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ስወርድ የኋላውን ብቻ ብይዝ ጎማው ተንሸራተተብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምክሩ በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም አደገኛ ነው። እኛም ይህ ምክር ከልምምድ ሜዳ ሁሉ ቢጠፋ ደስታችን ነው። ፍሬን ሲይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ጎማ መሬቱን ይጫናል፣ የኋላው ይቀልላል፤ ቸርችልን በመሰለ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብስበታል። የቀለለ ጎማ ቶሎ ይቆለፋል፤ የእርስዎም የተንሸራተተው ለዚህ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳሉ። ደረቅ አስፋልት ላይ ሁለቱንም ፍሬን በሚገባ ከያዙ 10 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማሉ፤ በኋላው ብቻ ግን ርቀቱ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

የሚያስፈነጥረው አያያዙ ነው። በድንጋጤ ጨምድደው ከያዙት፣ መሪው ተጣሞ ሳለ ወይም አሸዋ ላይ ከያዙት ይጥላል። ሌባ ጣትዎንና መሃል ጣትዎን የፊት ፍሬኑ እጀታ ላይ ያሳርፉ። መጀመሪያ ልሉን ብቻ ይሳቡ፤ የሞተሩ አፍንጫ ዝቅ ሲል ይሰማዎታል። ከዚያ ሎሚ እንደሚጨመቅ እየጨመሩ ይሂዱ። የፊት ጎማው ከተቆለፈ ወዲያው ይልቀቁና እንደገና በለስላሳው ይያዙ። ዓይንዎ ሩቅ ይይ፤ ጎማውን ካዩ ወደዚያው ይወድቃሉ።

ለልምምድ ሰው የሌለበት ደረቅ አስፋልት ይፈልጉና በኖራ ያስምሩ። በ20 ኪሎ ሜትር እየመጡ መስመሩ ላይ ፍሬን ይጀምሩ፦ አሥር ጊዜ በኋላው፣ አሥር ጊዜ በፊተኛው፣ አሥር ጊዜ በሁለቱም። የሚቆሙበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት ያድርጉ። ለሦስት ቀን ድንጋዮቹ አንድ ቦታ ከተቀራረቡ ወደ 30፣ ከዚያ ወደ 40 ያሳድጉ። እስከዚያ ቸርችል ይቆይ።

ሲመለሱበት ገና ከላይ ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡና ሞተሩ ራሱ ይያዝልዎ፤ ፍሪሲዮን (የግራ እጁን እጀታ) ጨብጠው አይንሸራተቱ። ከፊትዎ ሚኒባስ ካለ የፍሬን መብራቱን አይጠብቁ። እግረኛ መንገድ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ካዩ ሚኒባሱ ሊቆም ነው ማለት ነው። በቀኙ አይለፉ፤ በሩ የሚከፈተው በዚያ በኩል ነው። ዝናብ ሲጀምር አስፋልቱ ላይ የደረቀው ዘይት ስለሚሟሟ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉ ያንሸራትታሉ። የዜብራ ቀለም፣ የብረት ክዳንና ኮብልስቶን ላይ ፍሬን አይያዝም፤ ከመድረስዎ በፊት ያቀዝቅዙ።

ጥያቄ፦ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ዳገቱ ላይ ቆሜ ስነሳ ይጠፋብኛል፣ ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል።

መልስ፦ ግራ እግርዎ መሬት፣ ቀኝ እግርዎ የኋላ ፍሬን ላይ ይሁን። አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ትንሽ ቤንዚን ይስጡ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። የሞተሩ ድምፅ ሲወፍር እዚያው ያቁሙት፤ ያን ጊዜ ቤንዚን ጨምረው ፍሬኑን ይልቀቁ። ፍሬኑን ከድምፁ በፊት መልቀቅ ነው ወደ ኋላ የሚመልስዎት።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሄልሜት ብገዛ ችግር አለው?

መልስ፦ አይግዙ። ውስጡ ያለው ነጭ ፎም አንድ ጊዜ ከተመታ ይጠፈጠፋል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። አዲስ ሲገዙ የራስዎን ዙሪያ ከቅንድብ በላይ በሜትር ይለኩ። አድርገው ማሰሪያውን ካጠበቁ በኋላ ከኋላ በኩል ወደ ፊት ይግፉት። ከራስዎ ከወጣ ሰፍቶዎታል፤ አንድ ቁጥር ይቀንሱ። ጉንጭዎን ትንሽ መጫን አለበት፣ ግንባርዎን ግን ማሳመም የለበትም።