በኬሞቴራፒ ብቻ የተገኘ ፈውስ፣ ክትትልና ስእለት

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ሆጅኪን ሊምፎማ የተባለው ካንሰር ከአንገቴ ንፍፊት አልፎ ሳንባዬና ጉበቴ ስለ ደረሰ ሐኪሞች ደረጃ አራት ነው አሉኝ። ስድስት ወር ኬሞቴራፒ ወሰድሁ፤ ቀዶ ሕክምናም ጨረርም አልተደረገልኝም፤ አቅም ስላልነበረኝ ጸበልም አልገባሁም። አሁን በምርመራ ምንም አይታይም፤ ሐኪሜ ግን «በሽታው ጠፍቷል፤ በክትትል እንቆያለን» እንጂ «ፈጽሞ ድነሻል» አይለኝም። ዘመዶቼ በመድኃኒት ብቻ የዳነ ሰው በሽታው ይመለስበታል፣ ክትትሉም እምነት ማጣት ነው ይላሉ። ጸንቶ የሚኖር ፈውስ ተስፋ ማድረግ እችላለሁን? «ፈጽሞ ከዳንሁ» ብዬ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳልሁትንስ መቼ ላግባ?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር እንኳን ለዚህ አበቃሽ። አዎን፣ ተስፋ ማድረግ ትችያለሽ።

ዘመዶችሽ የተናገሩት ከፍቅር እንደሆነ አንጠራጠርም፤ ነገር ግን አነጋገራቸው እግዚአብሔር የሌለበት ፈውስ አለ የሚል ሐሳብ ስላዘለ ልናርመው ይገባል። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳስገኘ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ለዚህ በሽታ በብዛት አብረው ከሚሰጡት አራት መድኃኒቶች መካከል፣ ሕሙማን በቀይ ቀለሙ የሚያውቁት፣ ሽንትንም የሚያቀላው አድሪያማይሲን፣ እንዲሁም ብሊዮማይሲን የተባለው፣ ሁለቱም በአፈር ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን የተገኙ ናቸው፤ ቪንብላስቲን ደግሞ መገኛዋ ማዳጋስካር ከሆነች፣ ዛሬ በየአገሩ ለጌጥ ከምትተከል አበባ የወጣ ነው። ሲራክ «ከምድር» ያለውን ነርሷ በክንድሽ ደም ሥር ስታንጠባጥብልሽ ኖራለች ማለት ነው።

ጸበልን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ጸበልንና መድኃኒትን አታጣላም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲጠቀሙ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። በኬሞቴራፒው ወራት ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ዝቅ ስለሚል በተጨናነቀ ስፍራ ገብቶ በቀዝቃዛ ውኃ አለመጠመቅሽ ጥንቃቄ እንጂ ክህደት አልነበረም። አሁን የደም ምርመራሽን አይቶ ሐኪምሽ ከፈቀደ ተጠመቂ፤ የምትጠመቂው ግን መድኃኒቱ የጎደለውን ለመሙላት ሳይሆን በረከት ለመቀበል ነው።

ተስፋሽ ባዶ ምኞት አለመሆኑንም ሕክምናው ራሱ ይመሰክራል። በሰውነት ውስጥ ከተሠራጩ በኋላ እንኳ በኬሞቴራፒ ብቻ ለዘለቄታው ሊጠፉ የሚችሉ ካንሰሮች ጥቂት ናቸው፤ ሆጅኪን ሊምፎማ ከእነዚህ አንዱ ነው። በታላላቅ ጥናቶች፣ ደረጃው ከፍ ብሎ ሕክምና ከጀመሩት 10 ሰዎች ወደ 7 የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሽታው ሳይመለስባቸው ተገኝተዋል። የሚመለስ ከሆነ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው፤ ሐኪምሽ ቃሉን የሚቆጥበው ስለዚህ ነው፤ ከተመለሰም ሌላ የሕክምና መንገድ ይኖረዋል። ነገር ግን ከራሱ ከጉበት ወይም ከሳንባ የተነሣ ካንሰር ይዞት በዚያው አዳራሽ ከጎንሽ ተቀምጦ መድኃኒት ይወስድ የነበረውን ሰው በአንቺ አትለኪው፤ የበሽታው ጠባይ ሌላ ነው፤ ያረፈውም እምነቱ ስላነሰ አይደለም።

ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሁለት ባልንጀሮቹ የጻፈውን አስተውዪ። አፍሮዲጡ ለሞት እንኳ ቀርቦ ሳለ እግዚአብሔር ማረው (ፊልጵ. 2፥27)፤ ጥሮፊሞስን ግን ታሞ በሚሊጢን ተወው (2ኛ ጢሞ. 4፥20)። ጨርቁና መሐረቡ ሕሙማንን ይፈውስ የነበረው ሐዋርያ ይህን ሲጽፍ፣ ለአንዱ መዳን እምነቱን፣ ለሌላው መታመም ጥርጣሬውን ምክንያት አላደረገም። ስለዚህ «በሽታው አይመለስም» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር የእምነት ግዴታ አይደለም። «ሥሩ ተነቅሏል፤ ከእንግዲህ ሐኪም ቤት እንዳትሄጂ» የሚልሽ ሰው ቢመጣም፣ የያዘውን መስቀል ተሳለሚና ቀጠሮሽን ጠብቂ። ይህን በጥብቅ የምናገረው እንዲህ ባለ ምክር ቀጠሯቸውን ትተው፣ ሊታከም የሚችል በሽታ ከእጅ ካመለጠ በኋላ የተመለሱ ምእመናን በመኖራቸው ነው።

ክትትሉ እምነት ማጣት አለመሆኑን ከወንጌል እንማራለን። ጌታችን ዐሥሩን ለምጻሞች «ሂዱ፥ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» አላቸው፤ ሲሄዱም ነጹ (ሉቃ. 17፥14)። በሕጉ መሠረት ከለምጹ የነጻ ሰው በካህኑ ከታየ በኋላ እንኳ ሰባት ቀን ከድንኳኑ ውጭ ይቆይ ነበር (ዘሌ. 14፥8)። የፈወሰው አምላክ መታየትንና መቆየትን ከከለከለ፣ ይህን ባላዘዘ ነበር። በምርመራ ዋዜማ የሚይዝሽን ፍርሃት ደግሞ ኃጢአት ብለሽ አትቍጠሪው፤ ጌታችንም በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል። ፍርሃቱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ በሕክምናው ወራት ሳትጾሚ የቀረሽውንም አብረሽ አንሺላቸው፤ የታመመ ሰው በጾም እንደማይገደድ ያውቃሉና፣ አሁን አቅምሽን አይተው የሚሆንሽን ይወስኑልሻል።

ስለ ስእለቱ፣ ፈጽሞ መዳንሽን ለማረጋገጥ ብለሽ አምስት ዓመት እስኪሞላ አትጠብቂ እንላለን። ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ጸለየ፤ የበለስ ጥፍጥፍም በቍስሉ ላይ ተደረገለት፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዲወጣ የተነገረው ግን በሦስተኛው ቀን ነው (2ኛ ነገ. 20፥5)፤ የምስጋና ጽሕፈቱንም ከደዌው በተፈወሰ ጊዜ ጻፈ እንጂ ዓመታቱ እስኪያልቁ አልዘገየም። አንቺም ምስጋና የምታቀርቢው እስከ ዛሬ ለተደረገልሽ ነው። መክብብም የተሳልሽውን «ትፈጽመው ዘንድ አትዘግይ» ይላልና። «ፈጽሞ» ብለሽ የተሳልሽበት ቃል ኅሊናሽን የሚከብድ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ አስረጂ፤ ስእለቱን ካገባሽ በኋላ በሽታው ቢመለስም ስእለቴ ተቀባይነት አላገኘም፣ ተታለልሁም አትበዪ።

ወደ ቁልቢ ስትሄጂ የሚቀርቡሽን ሰዎች ይዘሽ ሂጂ፤ የታኅሣሡ ንግሥ ሕዝቡ እጅግ የሚበዛበትና ብርዱም የሚያይልበት ስለሆነ፣ ሰውነትሽ ገና ካልጠነከረ ወይም የሲቲ ስካን ቀጠሮሽ ታኅሣሥ 19 አካባቢ ከዋለ፣ ቀጠሮሽን አክብረሽ በሐምሌ 19 በዓል ማግባት ትችያለሽ።