ከኤሌክትሪክ መኪናዬ ስር የሚንጠባጠበው ምንድን ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ተቀይሯል። ድሮ "ያጨሳል" ነበር፣ አሁን "ያንጠባጥባል" ሆኗል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዘም ያሉትን አሳጥሬ እነሆ።

ጥያቄ፦ አንድ የሲኤምሲ ነዋሪ ኤሲ ከፍቶ ነድቶ ሲያቆም ከፊት በኩል፣ ከጋቢናው ስር፣ ሽታ የሌለው ንጹህ ውሃ ይንጠባጠባል። ጎረቤቱ "ባትሪው እየቀለጠ ነው" ብሎታል።

መልስ፦ የኤሲ ውሃ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ እንደሚያልበው ማለት ነው። ጎረቤትህን ሰላም በልልኝ።

ጥያቄ፦ መኪናዬን አሳጥቤ ግቢ ካቆምኳት በኋላ ለብዙ ጊዜ ውሃ ከስሯ ይወርዳል። ያሳስባል?

መልስ፦ ከላቫጆ የወጣች መኪና ውሃ ባይወርዳት ነበር የሚያሳስበኝ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ የጻፈች መምህርት ስትገዛ "ዘይት የላት፣ ውሃ የላት፣ ቻርጅ አድርገሽ መንዳት ብቻ ነው" ተብላለች። አሁን ከስሯ ሮዝ ፈሳሽ አይታለች። ተታልዬ ነው ወይ ትላለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ሻጩ ግማሹን ነው የነገረሽ። የሞተር ዘይት የለም፣ እውነቱን ነው። መሪውም በኤሌክትሪክ ስለሚታገዝ የመሪ ዘይት የሚባል ነገር የለም። ሌላው ግን አለ። ባትሪውን፣ ሞተሩንና ቻርጀሩን የሚያቀዘቅዝ ኩላንት አለ። ከሞተሩ ጋር የተገጠመች ትንሽ ካምቢዮ አለች፣ እሷም የራሷ ዘይት አላት። የፍሬን ዘይት አለ፣ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ አለ፣ የኤሲ ጋዝ አለ። ባትሪው በውሃ የማይቀዘቅዝ መኪናም ቢሆን ከኩላንት ነፃ አይደለም። የቀድሞዎቹ ኒሳን ሊፎች ባትሪያቸው በአየር ነው የሚበርደው፣ ሞተሩና ቻርጀሩ ግን ኩላንት አላቸው። ሮዝ ያልሽው ኩላንት ሳይሆን አይቀርም። ኮፈኑን ክፈቺና የኩላንቱን ጋን እዪ። መኪናዋ በርዳ፣ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ልኩ ከታችኛው መስመር በታች ከሆነ ጋራዥ ደውዪ።

ጥያቄ፦ ፈሳሹን በምን ልለየው? በቀለም?

መልስ፦ በቀለም ብቻ አይሆንም። ኩላንት እንደ ፋብሪካው አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ የመስታወት ማጠቢያም ሰማያዊ አለ። ማታ ስታቆም ንጹህ ካርቶን ከስር አንጥፍ። የካርቶኑን ጥግ ከፊት ጎማ ትይዩ አድርገህ ምልክት አድርግበት፣ አለበለዚያ ጠዋት ጠብታው ከየት እንደመጣ ይጠፋብሃል። ውሃ ከሆነ ደርቆ ምልክት አይተውም። ኩላንት በጣት መሃል ሲያሹት ያሙለጨልጫል፣ ሽታው ጣፋጭ ነው። የካምቢዮ ዘይት ካርቶኑ ላይ ጠርዙ እየሰፋ ቅባት ይሆናል። ቦታውም ይናገራል፤ ለምሳሌ ባለ አንድ ሞተሩ የቮልስዋገን አይዲ ፎር ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የካምቢዮ ዘይት ብታገኝ ከኋላ ነው የምታገኘው። ጎማ ሥር፣ ከቸርኬው በስተውስጥ ከሆነ ግን ፍሬንን ጠርጥር። ስታሸት ጓንት አድርግ፣ አትቅመስ። አንዳንድ የድሮ መካኒክ ምላሱ ላይ ጠብ አድርጎ ሲፈርድ አይቻለሁ፤ እባካችሁ።

ጥያቄ፦ አያት አካባቢ በኤሌክትሪክ መኪና ታክሲ የሚሠራ ወጣት ነው። ከወራት በፊት ጉብታ ላይ መኪናዋ ሆዷን ተመትታለች። ከዚያ ወዲህ ኩላንቱ እየቀነሰ ነው። መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። መካኒኩ ውሃ ሞልቶለት "መሬት ላይ ካልታየ አይፈስም፣ ሥራህን ሥራ" ብሎታል። ሰሞኑን ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በርቶ ይጠፋል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከዛሬው ደብዳቤ ሁሉ ያስደነገጠኝ ያንተ ነው። መሬት ላይ ኩሬ የሠራ ፍሳሽ ቢያንስ ራሱን አሳይቷል። ጋኑ እየጎደለ መሬቱ ደረቅ ከሆነ ግን ውሃው የሆነ ቦታ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ጥያቄው የት ነው።

ቀላሉን እናስቀድም። በቅርብ ኩላንት ተቀይሮ ከነበረ በቱቦው የቀረ አየር ሲወጣ ልኩ አንዴ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ይቆማል። ያንተ አልቆመም። ሁለተኛ፣ በጋቢና ማሞቂያው በኩል ሊሆን ይችላል፤ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ገልጠህ ዳብስ። መስታወቱ ቶሎ ቶሎ ጉም ይይዘዋል፣ ጋቢናውም ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። ሦስተኛ፣ ከስር ያለው የፕላስቲክ መከላከያ ፈሳሹን አቁሮት ሊሆን ይችላል። ይህ ሲፈታ ይታያል።

የምፈራው አራተኛውን ነው። በብዙ መኪኖች ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ሳህን ከሴሎቹ ስር፣ ወደ መሬቱ በኩል ነው ያለው። ሆዷን ስትመታ የሚቀምሰው እሱ ነው። ቢሰነጠቅ ኩላንቱ መንገድ ላይ አይፈስም፣ የተዘጋው የባትሪ ሳጥን ውስጥ ይጠራቀማል። ኩላንት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። መኪናው የከፍተኛ ቮልቴጁን የኤሌክትሪክ መከላከያ ሽፋን ራሱ ስለሚቆጣጠር ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ሲሰማው መብራት ያበራል፣ ቆይቶም አልነሳም ወይም ቻርጅ አልቀበልም ይላል። በርቶ የሚጠፋው መብራትህ ይሄ ላይሆን ይችላል። ከሆነ ግን የመጨረሻው ጫፍ ሾርትና እሳት ነው።

የውሃው ነገርስ? የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው። ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙን ይጨምራል፣ አልሙኒየሙንም ይበላል። ሃይላንድም ያው ነው። እንደ አዮኒክ ፋይቭ ያሉ አንዳንድ መኪኖች ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ በጣም ዝቅ እንዲል ተደርጎ የተዘጋጀ ሰማያዊ ኩላንት ይዘው መጥተዋል፤ እሱ ተበጥብጦ ነው የሚሸጠው፣ ጠብታ ውሃ አይጨመርበትም። ሶማሌ ተራ ሄደህ "ኩላንት ስጠኝ" ከማለትህ በፊት በጋኑ ክዳንና በማንዋሉ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስተህ ያዝ።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ሥራ አቁም። እንጀራህ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን አቁም። ቻርጅ ላይ አትሰካት። ከቤትና ከሌላ መኪና አርቀህ አቁማት፤ 15 ሜትር ይመከራል። መካኒክ ስትመርጥ ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ "የባትሪውን የኩላንት መስመር ለብቻው ዘግተህ በአየር ግፊት ትፈትሽልኛለህ?" በለው። አየር ሞልቶ ጌጁን ያያል፤ ጌጁ ከወረደ ቀዳዳው እዚያ መስመር ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያስተላልፉትን ብርቱካናማ ኬብሎች ከመንካቱ በፊት የ1000 ቮልት የላስቲክ ጓንት ያደርግ እንደሆነ፣ ዋናውን መስመር ካቋረጠ በኋላ ደቂቃዎች ጠብቆ ቮልቴጁ መጥፋቱን ለክቶ ያረጋግጥ እንደሆነ ጠይቀው። ሳቅ ካለ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ። ይሄ ካልጠፋ ጋራዥ የሚሞከርበት ሥራ አይደለም። ማፏጨት ከሰማህ፣ ነጭ ጭስ ካየህ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ ከሸተተህ ኮፈን አትክፈት፣ ሰውን ይዘህ ራቅ፣ እሳት አደጋ ጥራ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ አንድ አባት "የኋላ ጎማዬ በስተውስጥ ርጥብ ነው፣ ፍሬኑ ግን ይይዛል" ይላሉ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እስካሁን ይይዛል ማለትዎ ነው። አይንዱት፣ መካኒኩ ቤት ይምጣ። አንድ ነገር ልጨምር። የኤሌክትሪክ መኪና ሲዘገይ ብዙውን ሥራ ሞተሩ ስለሚሠራ የፍሬን ሸራው ቶሎ አያልቅም። በነዳጅ መኪና የፍሬን ዘይት ጋኑ በሸራ ማለቅ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር፣ እዚህ ግን ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መፍሰስ ነው። ዘይቱ ቀለም ስለሚልጥ ቦዲው ላይ እንዳይነካ።

ጥያቄ፦ ኤሲዬ አይቀዘቅዝም፣ ከስርም ምንም አይፈስም። ሰፈር ያለው ልጅ ጋዝ ልሙላልህ ይላል።

መልስ፦ ጋዝ መሬት ላይ አይታይም፣ ተንኖ ይሄዳል። የሚተወው በቱቦ መጋጠሚያው ላይ የቅባት ርጥበት ነው፣ እሱን ፈልግ። ልጁ ከጋዙ ጋር የሚያስገባውን ዘይት ግን ጠይቀው። የኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ልዩ ዘይት ነው የሚፈልገው። የነዳጅ መኪናው ዘይት ከገባ መኪናው የከፍተኛ ቮልቴጅ ስህተት ይሰጥሃል። ቢዋይዲ ዶልፊን ከሆነ ደግሞ ባትሪው ራሱ በዚያው ጋዝ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ስለዚህ የጋቢና ምቾት ብቻ አድርገህ አትየው።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ በበረዶ ወራት ማለዳ ከመኪናው ፊት እንፋሎት ወጥቶ ከስር ውሃ ይፈስሳል።

መልስ፦ ሂት ፓምፕ (ከውጭ አየር ሙቀት ስቦ ጋቢናውን የሚያሞቅ መሣሪያ) ያለው መኪና የውጭ ራዲያተሩ በረዶ ይይዝና ራሱን ያቀልጣል። ጤነኛ ነው። ካላመንከኝ ለሻጩ አሳየው፣ ዋስትና የተገዛው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ቡችላችን ከመኪናው ስር አረንጓዴ ፈሳሽ ላሰች። ትንሽ ትንገዳገዳለች።

መልስ፦ ይህን ዓምዱ እስኪወጣ አልጠበቅኩም፣ ደብዳቤው የደረሰኝ ዕለት መልሻለሁ። ለሌሎቻችሁ ደግሜ ልጻፈው። የተለመደው ኩላንት ውስጥ ኢትሊን ግላይኮል አለ፣ ይጣፍጣል፣ ኩላሊት ይገድላል። እንስሳው መጀመሪያ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ያስመልሳል፣ ከዚያ የተሻለው ይመስላል። የተሻለው አይደለም። መድኃኒቱ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወዲያው፣ የኩላንቱን ጣሳ ፎቶ ይዛችሁ። ሕፃን ከቀመሰ ደግሞ በቀጥታ ሆስፒታል፤ ወተት አጠጡት የሚለውን ምክር አትስሙ። የፈሰሰው ላይ አሸዋ ጨምሩበት፣ ጠርጋችሁ አስወግዱት፣ ቦታውን እጠቡት።

ጥያቄ፦ ዳሽቦርዱ ላይ በቻይንኛ ረጅም ጽሑፍ መጣ። ምን ይላል?

መልስ፦ ካልላክልኝ በምን አውቄ? በስልክህ ካሜራ አስተርጉመው። ጽሑፉ ቀይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ዳር ይዘህ ቁም፣ ትርጉሙ ይደርሳል።