ዌብሳይቴ ጉግል ላይ ለምን አይወጣም? የነጋዴዎች ጥያቄና መልስ

ዌብሳይት ያላችሁ ነጋዴዎች ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ፣ ከሜክሲኮ፣ ከስታዲየም አካባቢ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ መልሻለሁ። ብዙዎቻችሁ "ለዚህ ሥራ ስንት ልክፈል?" ብላችኋል። ገና ምንም አትክፈሉ። መጀመሪያ ከታች ያለውን ራሳችሁ እዩት።

ጥያቄ (የጥርስ ክሊኒክ፣ ካዛንቺስ)፦ ዌብሳይታችን ከተሠራ ስምንት ወር ሆነው። የክሊኒኩን ስም ራሱን ስንፈልግ እንኳ አይመጣም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ስምዎ ራሱ ካልመጣ ጉግል ገጹን ጨርሶ አልመዘገበው ይሆናል፤ ማለትም ወደ ፍለጋ መዝገቡ አላስገባውም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፍለጋው ሳጥን ላይ "ሳይት" የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ይጻፉ፣ ኮለን ያድርጉ፣ ክፍት ቦታ ሳይተዉ የዶሜይንዎን ስም (የዌብሳይትዎን አድራሻ) ያስከትሉ። ምንም ካልወጣ ዌብሳይቱን የሠራውን ልጅ ይጥሩት። ዎርድፕረስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ከተሠራ፣ ሴቲንግ ውስጥ "ሪዲንግ" የሚባለው ቦታ ላይ የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የምትከለክል ትንሽ ሳጥን አለች። ሠሪዎች ሥራው እስኪያልቅ ብለው ምልክት ያደርጉባታል። ከዚያ ሂሳባቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ፤ ሳጥኗ ምልክት እንደተደረገባት ትቀራለች።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ጉግል ሰርች ኮንሶል ላይ ይመዝገቡ፤ ገጽዎ ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይ የጉግል መሣሪያ ነው። ነጻ ነው። ሳይትማፑን (የገጾችዎን ዝርዝር የያዘውን ፋይል) ያስገቡ፣ ዋናው ገጽ እንዲመዘገብ ይጠይቁ። አካውንቱ ግን በእርስዎ ኢሜይል ይከፈት። ዶሜይኑም በእርስዎ ስም ይሁን። ከሠሪው ጋር ስትጣሉ ዶሜይኑን ይዞ የሚቀር ሞልቷል።

ጥያቄ (ፀጉር ቤት፣ ስታዲየም አካባቢ)፦ "ፀጉር" በየትኛው ፊደል ልጻፈው? "ጸጉር" የሚለውም አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፍም አለ። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የውጭ አገር መማሪያዎች ይሄን አይነግሩሽም። በአማርኛ አንድን ቃል ሁለት ሦስት ዓይነት እንጽፋለን፤ ሠርግና ሰርግ፣ ዓይንና አይን። ጉግል አንዳንዴ አንድ ያደርጋቸዋል፣ አንዳንዴ አያደርግም። ስለዚህ ራስሽ ፈትሺው። ሁለቱንም በየተራ ፈልጊና የሚመጣው ዝርዝር አንድ መሆኑን እዪ። የተለያየ ከሆነ፣ ሰው አብዝቶ የሚጽፈውን በገጹ ርዕስና በመጀመሪያው አንቀጽ ተጠቀሚ። ሌላውን ወደ ታች አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ፣ አስገቢ። ሁሉንም አጻጻፍ ደርድሮ መለጠፍ ግን አያዋጣም። ለአንባቢም ያስጠላል፣ ጉግልም ቃል ማጨቅን እንደ ማጭበርበር ያየዋል።

ሰው የቱን አብዝቶ እንደሚጽፍ በምን ታውቂያለሽ? ፍለጋው ላይ ሁለት ቃል ጀምሪ፤ ከታች የሚዘረዘሩት በብዛት ሰው የፈለጋቸው ናቸው። ሰርች ኮንሶልም ሰዎች ምን ጽፈው ገጽሽን እንዳገኙት ያሳይሻል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ስልክሽ ነው። ደንበኛ ደውሎ "ሹሩባ ስንት ነው? እሑድ ትሠራላችሁ?" ካለ፣ ገጽሽ ላይ መኖር ያለበት እሱ ነው። "ጥራት ያለው አገልግሎት እንሰጣለን" የሚለውን ማንም ፈልጎ አያውቅም።

ጥያቄ (ማተሚያ ቤት፣ ሜክሲኮ)፦ የአማርኛው ጽሑፍ እንዲያምር በዲዛይን ሠርተን ፎቶ አድርገን ነው የጫነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ጉግል በዋናነት የሚያነበው በፊደል የተጻፈውን ነው። ዋጋውን፣ አድራሻውን፣ የሥራ ዓይነቱን በጽሑፍ አስገቡት፤ ፎቶው ለጌጥ ይቅር። ማተሚያ ቤት ስለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በድሮ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ፋይል ቀድታችሁ አትለጥፉ። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ፊደልን የግዕዝ መልክ የሚያለብሱ ናቸው፤ ፎንቱ በሌለበት ጽሑፉ ትርጉም የለሽ ዝብርቅርቅ ይሆናል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ፊደላት በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት እንዲነበቡ በሚያደርገው የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ ላለመጻፍ ምንም ምክንያት የለም።

ጥያቄ (ልብስ ሰፊ፣ ድሮ ፒያሳ)፦ በኮሪደር ልማቱ ቤታችን ፈርሶ ተዛውረናል። ጉግል ማፕ ግን ደንበኛ ወደ ድሮው ቦታ ይልካል። አዲስ ልክፈት?

መልስ፦ አዲስ አይክፈቱ፤ የድሮው አስተያየትና ኮከብ ሁሉ ይቀርብዎታል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ብዙ ሱቅ በዚህ መንገድ ማፕ ላይ ጠፍቷል። ያለዎትን ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል (ማፑ ላይ የሚታየውን የሱቅዎን መረጃ) ይክፈቱ፣ አድራሻውን ይለውጡ፣ ፒኑን (ማፑ ላይ ቦታዎን የሚያሳየውን ምልክት) በትክክል በሩ ላይ ያሳርፉ። ጉግል እንደገና ማረጋገጫ ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሱቁንና የበሩን ጽሑፍ በቪዲዮ ቀርጸው ይልካሉ።

ጉግል በአካባቢ ፍለጋ የሚያያቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የእርስዎ ሥራ ከተፈለገው ጋር መመሳሰሉ፣ ርቀቱ፣ እና ምን ያህል የታወቁ መሆንዎ። ርቀቱን መለወጥ አይቻልም። የመጀመሪያውን ግን የሥራ ዘርፉን በትክክል በመምረጥ ያሻሽሉታል። "ሱቅ" ብሎ መተው ሌላ ነው፣ "ልብስ ሰፊ" ማለት ሌላ ነው። የእኛ ከተማ ሰው በመንገድ ስም አይሄድምና መግለጫው ላይ "ከእገሌ ባንክ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ" ብለው ይጻፉ። ስልክ ቁጥሩ በማፑም፣ በዌብሳይቱም፣ በቴሌግራሙም አንድ ዓይነት ይሁን።

ሰዓቱንም ልብ ይበሉ! ፕሮፋይሉ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት እንከፍታለን ብሎ "2" የሞላ ሰው፣ ጉግል ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ክፍት ሆኖ ማታ ተዘግቷል ይባላል። ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካም ልዩ ሰዓት የሚሞላበት ቦታ አለ።

ጥያቄ (አስጎብኚ ድርጅት፣ ቸርችል ጎዳና)፦ አንድ ባለሙያ በአንድ ወር የመጀመሪያ ገጽ አንደኛ አወጣችኋለሁ ብሎናል። ብዙ ሊንክም (ከሌሎች ዌብሳይቶች ወደ እኛ ገጽ የሚወስድ ማያያዣ) እንገዛለን ይላል። እንቀበል?

መልስ፦ አትቀበሉ። አንደኛ መውጣትን ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ጉግል ራሱ ጽፎ አስቀምጧል። ለውጥ ለማየትም በአብዛኛው ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል ይላል። የተገዛ ሊንክ ደግሞ አደጋ አለው። ጉግል በ2012 "ፔንግዊን" የተባለውን ማስተካከያ ያወጣው እንዲህ ዓይነቱን ለመምታት ነበር። ሊንክ ከፈለጋችሁ አባል የሆናችሁበት ማኅበርና አብራችሁ የምትሠሩት ሆቴል ዌብሳይት ላይ ስማችሁ ካለ፣ ስሙ ወደ ገጻችሁ እንዲወስድ ጠይቋቸው።

የእናንተ ደንበኛ የሚፈልገው በእንግሊዝኛ ነው። ላሊበላን፣ ሰሜን ተራሮችንና ዳናክልን በአንድ ገጽ አትጨፍልቋቸው። ለየብቻ ገጽ ይኑራቸው። ጥምቀት በፈረንጅ አቆጣጠር መቼ እንደሚውል፣ ዳናክል በየትኛው ወር ሙቀቱ እንደሚቻል ጻፉ። ይሄን ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል?

ጥያቄ፦ ኪወርድ (የመፈለጊያ ቃል) የሚሞላበት ሜታ ታግ ላይ፣ ማለትም በገጹ ኮድ ውስጥ ባለው ለአንባቢ በማይታይ ቦታ፣ ስንት ቃል ልሙላ?

መልስ፦ ዜሮ። ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት የተናገረው በ2009 ነው።

ጥያቄ (ካፌ፣ ለገሃር)፦ ዌብሳይታችን ስልክ ላይ ቶሎ አይከፍትም። ለደረጃው ይጎዳል?

መልስ፦ ጉግል የሚመዝነው ገጹ በስልክ የሚታይበትን መልክ ነው። ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፎቶ ነው። ከስልክ ካሜራ የወጣ የማኪያቶ ፎቶ ሳይቀነስ ይጫናል፤ ደንበኛው ዳታው እያለቀ ይጠብቃል። ሳትጭኑት በፊት መጠኑን ቀንሱት።

ጥያቄ፦ ቴሌግራምና ቲክቶክ ካለኝ ዌብሳይት ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ እውነቱን ልንገርህ፣ ለአንዳንዱ ምንም አያደርግም። ደንበኞችህ የሚያውቁህ ሰዎች ከሆኑ ቴሌግራምና በደንብ የተሞላ የማፕ ፕሮፋይል ይበቃሃል። የማያውቅህ ሰው ፈልጎ እንዲያገኝህ ከፈለግክ ግን፣ እንደ ክሊኒክ፣ እንደ አስመጪ፣ እንደ ሆቴል፣ ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ላይ ይሁን?

መልስ፦ አይሁን። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ገጽና የራሱ አድራሻ ይኑረው፣ እርስ በርስም በሊንክ ይገናኙ። በማሽን ተተርጉሞ ሰው ያላረመው አማርኛ ደግሞ ደንበኛ ያስቃል።

ጥያቄ (ሆቴል፣ ካዛንቺስ)፦ ኮከብ ለሰጠን ሰው ቅናሽ ብናደርግስ? መጥፎ አስተያየት የጻፈብንንስ ምን እናድርገው?

መልስ፦ ቅናሹ ክልክል ነው፤ ጉግል በስጦታ የተገኘ አስተያየት ያጠፋል። እንግዳው ሲወጣ ሊንኩን ላኩለትና ጠይቁት፣ ይበቃል። ለመጥፎው አስተያየት በአጭሩ፣ በትሕትና መልሱ። ሙቅ ውኃ አልነበረም ካለ፣ ካልነበረ አልነበረም በሉና መቼ እንደተስተካከለ ጻፉ። ቀጥሎ የሚያነበው እንግዳ የሚፈልገው እሱን ነው።