«የልጄ ፊት ሁሌ ብዥ ይላል»፤ ስለ ትንንሽ ካሜራዎች ለጠየቃችሁኝ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገጥማሉ፤ ስልክ እያለ ካሜራ መግዛት ያዋጣል ወይ ነው ጥያቄው። የመጀመሪያዋን ጠያቂ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ቀሪዎቹ ባጭሩ ይበቃቸዋል።

ጥያቄ፦ «ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ከመዘምራን ጋር ይዘምራል። አዳራሽ ውስጥ ሲያሸበሽብ በስልኬ ባነሳሁት ቁጥር ፊቱና እጁ ብዥ ይላል፤ ከኋላው ያለው መጋረጃ ግን ጥርት ብሎ ይወጣል። ስልኬ ርካሽ ቢሆንም 50 ሜጋፒክስል ነው ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። ወንድሜ ለጥምቀት ከአሜሪካ ይመጣል፤ እስከ 300 ዶላር የምታወጣ ካሜራ ላምጣልሽ ብሎኛል። ቦርሳዬ ውስጥ የምትገባ መሆን አለባት። የትኛዋን ልበለው? ደግሞስ እውነት ከስልኬ ትሻላለች?» (እናት፣ ከኮተቤ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ግማሹን መልስ ራስዎ ጽፈውታል። መጋረጃው ጠርቶ ከወጣ ስልኩ ፎከስ አልሳተም፣ የእርስዎም እጅ አልተንቀጠቀጠም። የተንቀሳቀሰው ልጁ ነው።

ስልክ ብርሃን ሲያንሰው አንድም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ ያረዝማል፣ አንድም ብዙ ፎቶ አከታትሎ አንስቶ አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባል። ለሕንፃ፣ ቁጭ ላሉ ሽማግሌ፣ ለተደረደረ ስኒ እሰየው ነው፤ ምሽቱን ቀን ያስመስለዋል። እጁን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ልጅ ሲሆን ግን በአንደኛው ፎቶ እጁን እዚህ፣ በሁለተኛው እዚያ ያገኘዋል። ሲደርበው የሚወጣውን እርስዎ አይተውታል። መድኃኒቱ በጣም አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ በቂ ብርሃን መቀበል ነው፤ ለዚያም ሰፊ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠው የካሜራው ክፍል) እና ብርሃን አብዝቶ የሚያስገባ ሌንስ ያስፈልጋል።

50 ሜጋፒክስሉን ይርሱት። አንዱን እንጀራ 50 ቦታ ቢቆርሱት ቁራሹ ይበዛል እንጂ እንጀራው አይሰፋም። በርካሽ ስልኮች ውስጥ ያለው ሴንሰር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «የ1 ኢንች» የሚባለው የኪስ ካሜራ ሴንሰር ደግሞ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 116 ገደማ ይመጣል፣ ከአራት እስከ ስድስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። (ቢለኩት በየትም በኩል 1 ኢንች አይሞላም። ስሙ የመጣው ድሮ በቴሌቪዥን ካሜራ ውስጥ ከነበረው የመስታወት ቱቦ ውፍረት ነው። ቱቦው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ስሙ ግን ቀረ።)

ስለዚህ ለወንድምዎ የሚሉት ይህን ነው፤ «አዲስ አትግዛልኝ። ያገለገለ ሶኒ አርኤክስ 100፣ የመጀመሪያውን፣ የ2012ቱን ፈልግልኝ።» ከአሥር ዓመት በላይ የሆናትን ካሜራ መምከሬ ይገርምዎት ይሆናል። እኔ ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ፊልም ሳጥብ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የካሜራ ዕድሜ ብዙም አያስፈራኝም። በ300 ዶላር አዲስ ከሚሸጡት የኪስ ካሜራዎች አብዛኞቹ ሴንሰራቸው ከስልክዎ ብዙም የማይሰፋ ነው፤ ይህች አሮጊት ግን ያንን 1 ኢንች ይዛለች። 20 ሜጋፒክስል ናት፤ ባትሪና ካርድ ገብቶባት 240 ግራም ትመዝናለች። ሌንሷ ዙም ሳይደረግ ኤፍ 1.8 ይከፈታል (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ ለአዳራሽ የሚፈለገውም ይኸው ነው። አዲስ ሳለች 650 ዶላር ነበረች፤ አሁን እንደ ይዞታዋ በእርስዎ በጀት ውስጥ ትገኛለች።

ወንድምዎ ትንሽ ልጨምር ካለ ሦስተኛዋን አርኤክስ 100፣ የ2014ቷን ይመልከት፤ ለምን እንደሆነ አሁን እነግርዎታለሁ። ካኖን ጂ 7 ኤክስም ጎበዝ ነበረች፤ ነገር ግን ወጣቱ በቲክቶክ ስለወደዳት ዋጋዋ ከአቅሟ በላይ ሆኗል። ለስም አይክፈሉ።

የመጀመሪያዋ አርኤክስ 100 አንድ ነውር አለባት። ዙም ባደረጉ ቁጥር ሌንሷ ይጠባል፤ እስከ መጨረሻው ሲስቡ ኤፍ 4.9 ላይ ትደርሳለች። በዚህ ጊዜ የሚገባው ብርሃን ከመጀመሪያው ሰባት እጥፍ ያነሰ ነው። ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ልጅዎን በዙም ልጎትተው ካሉ ያ ሁሉ የሴንሰር ስፋት ባዶ ይቀራል፤ ያው ብዥታው ይመለሳል። ስለዚህ ዙሙን ይተዉትና ራስዎ ይጠጉ። ቀድመው ይምጡ፣ ከፊት ወንበር ይያዙ። ሦስተኛዋ ካሜራ ዙሟ አጠር ያለ ቢሆንም መጨረሻው ላይ እንኳ ኤፍ 2.8 ነው፤ የዋጋዋ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ካሜራዋ እጅዎ ስትገባ አውቶማቲኩን አይመኑት፤ እሱም እንደ ስልክዎ ልጁን የቆመ ሊመስለው ይችላል። ከላይ ያለችውን መዘውር «ኤስ» የሚለው ፊደል ላይ ያዙሯትና ፍጥነቱን፣ ማለትም ብርሃን የምትቀበልበትን ጊዜ፣ 1/200 ሰከንድ ላይ ያድርጉት። አይኤስኦውን (ካሜራዋ ለብርሃን ያላትን ንቃት) አውቶ ላይ ትተው ጣሪያውን 3200 ይስጡት። ፎቶው ጠጋ ብለው ሲያዩት አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ግድ የለም። ፎቶ ቤት ሄደው በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ሲያሳትሙት አሸዋው አይታይም፤ ብዥ ያለ ፊት ግን በየትኛውም መጠን ብዥ ነው። አሁንም ከጨለመብዎት ወደ 1/125 ይውረዱና ልጁ እጁን ከፍ አድርጎ ለቅጽበት የሚገታባትን ሰከንድ ይጠብቁ። ማሸብሸብ ምት አለው፤ መዝሙሩን ስለሚያውቁት መቼ እንደሚገታ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ፍላሿ ትንሽ ብትሆንም የእውነት ፍላሽ ናት፤ እንደ ስልክ አምፖል አይደለችም፣ በርታ ስትጠፋ ከዓይን ጥቅሻ ትፈጥናለች። በጣትዎ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ከያዟት ወደ ጣሪያ ትዞራለች፤ ጣሪያው ዝቅ ያለና ነጭ ከሆነ ብርሃኑ ለስልሶ ይወርዳል፣ ፊት ላይ ወዝ አይሠራም። ይህን ቤት ውስጥ ለልደት ይሞክሩት። ቅዳሴ ላይ ግን አደራ፣ ጭራሽ አይክፈቷት።

ለከተራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ነጭ ልብስ። ሰዉ ሁሉ ነጠላና ጋቢ ለብሶ ከፊትዎ ሲሞላ ካሜራዋ «ብርሃን በዛ» ብላ ታጨልመዋለች። ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የልጁ ፊት ከነጭራሹ ይጠቁራል። እኔ በፊልም ዘመን የስንቱን ሰርግ ፎቶ በዚህ ምክንያት ደግሜ አጥቤያለሁ! መዘውሩን «ፒ» ላይ ያድርጉና ከጀርባዋ ያለችውን ክብ ቁልፍ በታችኛው ጎኗ ይጫኑ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ይመጣል። ወደ +0.7 ያምጡት፣ ነጠላው እንደ ነጠላ እስኪነጣ። ጥላ ካለበት +1 ቢያደርጉትም አይከፋም። ሲመለሱ ወደ ዜሮ መመለሱን አይርሱ፤ እኔ ሁሌ እረሳዋለሁ።

አሁን ወደ ግዢው። ወንድምዎ አሜሪካ ስላሉ እንደ ኬኢኤች እና ኤምፒቢ ያሉ፣ ያገለገለ ዕቃ ፈትሸው ደረጃ ሰጥተው የሚሸጡ ሱቆች አሉላቸው፤ ከማያውቁት ግለሰብ 30 ዶላር ቢወደድም እዚያ ይግዙ። ከጃፓን በርካሽ የሚላኩም ያጋጥሟቸዋል። ሶኒ ለራሷ ለጃፓን ገበያ የሠራቻቸው ካሜራዎች ምናሌያቸው በጃፓንኛ ብቻ ነው፣ ቋንቋ መቀየሪያ የላቸውም። ሻጩን አስቀድመው ይጠይቁ።

ከመምጣታቸው በፊት አንድ ፍተሻ ያድርጉልኝ፤ ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። እኔ ራሴ ይህችኑ ካሜራ ከአንድ ሻጭ ገዛሁ። ሳያት አዲስ ትመስላለች፣ ጭረት የላት። የእህቴን ልጅ ምርቃት አነሳሁባት። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ሰማዩ ላይ ሦስት ግራጫ ነጥቦች፤ በቀጣዩም ፎቶ እዚያው ቦታ፣ በቀጣዩም። አቧራ ነው፣ ሴንሰሩ ላይ የተቀመጠ። የእነዚህ ካሜራዎች ሌንስ ሲወጣና ሲገባ እንደ ወናፍ አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር አቧራውንም። ሌንሱ ስለማይነቀል ካልተፈታች በቀር አትጠረግም። ሻጩ «ካሜራዋ ደህና ነበረች» አለኝ፤ ገንዘቤም እዚያው ቀረ። 140 ፎቶ ላይ ነጥብ ሳጠፋ ሌሊቱ ነጋ።

ፍተሻው ቀላል ነው። መዘውሩ «ኤ» ላይ፣ ሌንሱ ኤፍ 11 ላይ፣ ዙሙ እስከ መጨረሻው ተስቦ፣ ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ማንሳት። ከዚያ ፎቶውን አጉልቶ ከጥግ እስከ ጥግ ማየት። ግራጫ ነጥብ ካለ መመለስ። ሌንሱ ሲወጣ የሚንቋቋ ወይም የሚያመነታ ከሆነም እንዲሁ። እዚህ ከመጣች በኋላ ደግሞ የእኛን አቧራ ያውቁታል፤ ከሳንቲምና ከብስኩት ፍርፋሪ ጋር ቦርሳ ውስጥ ልቅ አያድርጓት፣ ዚፕ ያላት ትንሽ ቦርሳ ይፈልጉላት።

ባትሪዋ አንዴ ሞልታ 330 ፎቶ ገደማ ታነሳለች፤ ወንድምዎ ሁለተኛ ባትሪ ይጨምሩበት። ቻርጅ የምትደረገው በድሮው የስልክ ገመድ፣ በማይክሮ ዩኤስቢ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ከፓወር ባንክ ትሞላለች። ዋይፋይ ግን የላትም። ስልክዎ ላይ የሚሰካ ካርድ ሪደር ይበቃዎታል። ለአያቱ በቴሌግራም ሲልኩ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል ይላኩ፤ አለበለዚያ ቴሌግራም አሳንሶት የደከሙበት ሁሉ መና ይቀራል።

ትሻላለች ወይ ላሉኝ፤ ለአዳራሹ አዎ፣ በብዙ። በጠራራ ፀሐይ ቆሞ ለሚነሳ ሰው ግን ልዩነቱን ማንም ላያውቅልዎ ይችላል። ቪዲዮ ላይም ብዙ አይጠብቁባት።

ጥያቄ፦ «ሱቅ ውስጥ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ አዲስ ካሜራ አየሁ። ካርቶኑ ላይ 4ኬ፣ 48 ሜጋፒክስል፣ 16 እጥፍ ዙም ይላል። ዋጋው ቅናሽ ነው። ለዩቲዩብ ልግዛው?» (ወጣት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አትግዛ ወንድሜ። ሻጩን አብራልኝ በለውና ዙም አድርግ። ሌንሱ ከቦታው ንቅንቅ ካላለ ዙም የሚሉህ ምስሉን ቆርጦ ማጉላት ነው፤ ያን ስልክህም ያደርገዋል። 48ቱ ሜጋፒክስልም ብዙውን ጊዜ ከትንሽ ሴንሰር የወጣ ምስል በሶፍትዌር ተለጥጦ ነው። ለዩቲዩብ ከሆነ ያንን ገንዘብ ደረትህ ላይ የምትሰካ ማይክሮፎን ግዛበት። ሰው ብዥ ያለ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን በአሥር ሰከንድ ይዘጋብሃል።

ጥያቄ፦ «የያዝኩት አይፎን 15 ፕሮ ነው። እኔስ ያቺን የ300 ዶላር ካሜራ ብገዛ ይጠቅመኛል?» (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ አይመስለኝም። የእርስዎ ስልክ ሴንሰር ከላይ ካልኩት ርካሽ ስልክ እጅግ ይሰፋል። ከፍላሹና ከዙም ሌንሷ በቀር ብዙ አትጨምርልዎትም፤ ሁለት ዕቃ ይዞ መዞር ብቻ ይሆናል። ፎቶ በእጅ ይዞ፣ መዘውር አዙሮ ማንሳት ያምረኛል ካሉ ሌላ ነገር ነው፣ እኔም ያው በሽታ አለብኝ።

ጥያቄ፦ «አክስቴ ከሃያ ዓመት በፊት ከጣሊያን ያመጣቻትን ኦሊምፐስ ዲጂታል ካሜራ ሰጠችኝ። ትሠራለች፤ ነገር ግን ካርዷ 256 ሜጋባይት ነው፤ ቅርጿም የተለየ ስለሆነ የትም ካርድ ሪደር አይገባም። አዲስ ካርድ የት አገኛለሁ?» (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኤክስዲ የሚባለው ካርድ ነው፤ ኦሊምፐስና ፉጂ በ2002 ያወጡት። መመረት ካቆመ ቆይቷል፤ ትልቁም ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። አዲስ ፍለጋ አትድከሚ፣ ባለሽው ሥሪ፤ ያቺ ካሜራ የምታነሳው ትንሽ ፎቶ ስለሆነ 256ቱ ቢያንስ መቶ ይይዝልሻል። ወደ ኮምፒውተር የምታወርጂው ሪደር ሳያስፈልግሽ በካሜራዋ በራሷ የዩኤስቢ ገመድ ነው። ገመዷ አፉ ለየት ያለ ነው፤ አክስትሽ የት እንዳስቀመጡት ጠይቂያቸው። አንድ ነገር ብቻ፤ ቦታ ለማስለቀቅ ብለሽ ፎርማት አታድርጊያት። መጀመሪያ ማጫወቻዋን ከፍተሽ ውስጧ ያለውን ከአክስትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት።