የሕግ ጥያቄና መልስ፦ «ጥፋቱ የራሴ ነው ብለህ ፈርም ተባልኩ»

ጥያቄ፦ የምሠራው ቆርቆሮ በሚቆርጥ መጭመቂያ ማሽን ላይ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ቁራጭ ማሽኑ ውስጥ ተቀርቅሮ ስለቆመ፣ ማሽኑን ሳላጠፋ እጄን አስገብቼ ላወጣው ስሞክር የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች አጣሁ። ማሽኑ መከለያ ነበረው፤ ሥራ ያዘገያል ተብሎ ከተነሳ ግን ወራት አልፈዋል፤ የክፍሉ ኃላፊም ያውቃል። አሁን አሠሪዬ የሕክምና ወጪዬን ሸፍኖ፣ አደጋው የደረሰው በራሴ ቸልተኝነት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንድፈርም ጠይቆኛል። በእርግጥም እጄን ያስገባሁት ራሴ ነኝ። ካሳ የመጠየቅ መብት አለኝ? ብፈርምስ ምን ይጎዳኛል?

መልስ፦ ምሕረቱን ያምጣልዎ። «እጄን ያስገባሁት ራሴ ነኝ» የሚለው ቃልዎ ከደብዳቤው ሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ብዙ ተጎጂዎች መብታቸውን ሳይጠይቁ የሚቀሩት በዚሁ ሐሳብ ተይዘው ነውና። የሠራተኞች የጉዳት ካሳ በአብዛኛው የቆመው ጥፋተኛው ማን ነው የሚለውን ክርክር ወደ ጎን በመተው ላይ ነው። ጉዳቱ በሥራ ላይ ሳሉና ከሥራው የተነሳ መድረሱ ከተረጋገጠ፣ አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም፣ ሠራተኛውም ቢሳሳት፣ ክፍያው አይቀርም።

ሕጉ እዚህ የደረሰው ግን በቀላሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1837 በእንግሊዝ አገር አንድ የሥጋ ነጋዴ ሠራተኛ፣ ከመጠን በላይ የተጫነ ጋሪ ተሰብሮበት ጭኑ ስለተጎዳ ጌታውን ቢከስም በመጨረሻ ተረታ። ከዚያ ፍርድ ተነስቶ የዳበረው አስተሳሰብ፣ ሠራተኛ ሥራውን ሲቀበል አደጋውንም አብሮ ተቀብሏል የሚል ነበር። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884 አሠሪዎች ብቻ የሚያዋጡበትን የአደጋ መድን በሕግ አቋቋመች፤ እንግሊዝም በ1897 የራሷን የካሳ ሕግ አወጣች። ይህ የእንግሊዝ ሕግ መጀመሪያ ላይ ከባድና ሆን ተብሎ በተፈጸመ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ካሳ ይከለክል ነበር፤ በ1906 ሲሻሻል ግን ጉዳቱ ሞትን ወይም ከባድና ዘላቂ የአካል ጉዳትን ካስከተለ አሠሪው በዚህ ምክንያት ከመክፈል እንዳያመልጥ ተደረገ።

ዛሬም ቢሆን ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋትና ስካር በበርካታ ሕጎች ካሳን ሊያስቀሩ ይችላሉ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 121ም በእነዚህ ምክንያቶች ክፍያ እንዲታገድ ይፈቅዳል። እርስዎን የሚመለከተው ጥያቄ እንግዲህ የተቀረቀረ ቁራጭ ለማውጣት እጅ ማስገባት ሆን ብሎ ራስን ከመጉዳት ወይም ከከባድ እምቢተኝነት ይቆጠራል ወይ የሚለው ነው። በእኔ አስተያየት አይቆጠርም። ቁራጭ መቀርቀር በየጊዜው የሚያጋጥም፣ ማሽኑን የሠራውም የሚያሠራውም አስቀድመው የሚያውቁት ነገር ነው፤ ሲከፈት ማሽኑን በራሱ የሚያቆም መከለያ የተፈለሰፈውም የሰው እጅ በዚያች ቅጽበት ወደ ውስጥ እንደሚሄድ ስለሚታወቅ ነው። የማሽን መከለያን የሚመለከተው የ1963ቱ ስምምነት ቁጥር 119 ማንም ሠራተኛ መከለያው በቦታው ባልተገጠመ ማሽን እንዳይሠራ፣ እንዲሠራም እንዳይገደድ ይደነግጋል። ያው ስምምነት ሠራተኛውም መከለያውን ከጥቅም ውጭ እንዳያደርግ ስለሚከለክል፣ ያነሳው ማን እንደሆነና በማን ትእዛዝ እንደተነሳ በማስረጃ መለየት አለበት። ኃላፊው እያወቀ ለወራት ዝም ካለ፣ «መመሪያ ጥሷል» የሚለው ክስ ብዙ ርቀት አይሄድም።

የሕክምና ወጪ መሸፈኑ ካሳ ተከፈለ ማለት አይደለም። ሥራ ላይ ባልነበሩበት ጊዜ ለቀረው ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ነገር ነው፤ ለዘላቂው የአካል ጉዳት የሚከፈለው ደግሞ ሌላ። በስምምነት ቁጥር 121 መሠረት፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ላሉት ሠራተኛ በጊዜያዊ የመሥራት አቅም ማጣትም ሆነ አቅሙን ሙሉ በሙሉ ሲያጣ የሚከፈለው ከገቢው 60 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ጉዳቱ እንደ እርስዎ ከፊል ሲሆን ክፍያው በዚያው ልክ ይመጠናል። መጠኑ የሚታወቀው የሕክምና ባለሙያዎች የጉዳቱን ደረጃ ሲወስኑ ስለሆነ፣ ቁስሉ ሳይድንና የቀሩት ጣቶች እንዴት እንደሚታዘዙ ሳይታወቅ የሚቀርብልዎትን የመጨረሻ ክፍያ ለመቀበል አይቸኩሉ።

ፊርማው የሚጎዳዎት በተለይ በሌላ በር ነው። በብዙ አገሮች ሠራተኛው ያለ ጥፋት ክርክር ካሳ በማግኘቱ ምትክ አሠሪውን በፍርድ ቤት የመክሰስ መብቱ ይጠብባል፤ የማሽኑን አምራች ወይም ጥገናውን በውል የያዘውን ድርጅት ግን መክሰስ ይችላል። እዚያ ጥፋት እንደገና ይመዘናል፤ ቸልተኛ ነበርኩ ብለው የፈረሙበት ወረቀትም የሚያገኙትን ገንዘብ ለመቀነስ ይቀርብብዎታል። እውነቱን ለመናገር፣ ማሽኑ ከነመከለያው የመጣ ስለሆነ አምራቹን መርታት ቀላል አይሆንልዎትም፤ መከለያው ተነስቶም ማሽኑ መሥራቱን የሚቀጥል ሆኖ መሠራቱ ግን ለባለሙያ መታየት ያለበት ጉድለት ነው።

አሁኑኑ ማድረግ የሚገባዎት ማስረጃ መያዝ ነው። ከአደጋ በኋላ መከለያ በፍጥነት ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል፤ ለቀሩት ሠራተኞች ደግ ቢሆንም ለእርስዎ ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው። የማሽኑን ፎቶግራፍና መለያ ቁጥር፣ መከለያው መቼ እንደተነሳ የሚያውቁ ባልደረቦችን ስምና የሕክምና ወረቀቶችዎን ይያዙ። አደጋውን ለአሠሪው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቅጂውንም ያስቀሩ። የይርጋ ጊዜው በየአገሩ ስለሚለያይ፣ አንዳንዱም አጭር ስለሆነ፣ በሚኖሩበት አገር ያለውን ገደብ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወይም ከጠበቃ በዚህ ሳምንት ይጠይቁ።

የቀረበልዎትን ጽሑፍ አይፈርሙ። አሠሪዎ የግድ ፊርማ ከፈለገ፣ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ መከለያ ባልነበረው ማሽን ላይ ስሠራ የተቀረቀረ ቁራጭ ሳወጣ ሁለት ጣቶቼ ተቆርጠዋል» የሚል ጽሑፍ አዘጋጅተው ይስጡት።