እንጆሪ ማርማላታው ለምን አልረጋም? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ብዙ ዘመኔን ስቶክሆልም የኖርኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ አዲስ አበባ የገባሁ እናት ነኝ። እዛ እያለሁ ነሐሴና መስከረም ላይ ጫካ እየገባን ብሉቤሪና ሊንጎን እንለቅም ነበር፣ ስዊድን ውስጥ የዱር ፍሬ መልቀም ለማንም የተፈቀደ ነው፣ የሰው ግቢ አትግባ እንጂ ማንም አይናገርህም። ልጆቼን በዛ ማርማላታ ነው ያሳደግኳቸው፣ እነሱ ከቤት ሲወጡ ግን እኔም ተውኩት፣ በቃ ተረሳ። አሁን የልጅ ልጆቼ ሊጠይቁኝ ስለሚመጡ እንጆሪ ገዛሁና ቴርሞሜትር ከትቼ እንደ ድሮው 105 ዲግሪ እስኪደርስ ብጠብቅ ብጠብቅ ቁጥሩ 97 አካባቢ ሲንቀረፈፍ ቆየ፣ እሳቱን ጨመርኩበት፣ መጨረሻ ላይ አርሮ ድስቱ ላይ እንደ ከረሜላ ደረቀ። በሁለተኛው ፈርቼ ቶሎ አወረድኩት፣ እሱ ደግሞ ውሃ ሆኖ ቀረ። እጄ ረስቶ ነው ወይስ ዕቃው ነው? እንጆሪውስ ከስዊድኖቹ ፍሬዎች ጋር ይለያያል እንዴ?

መልስ፦ እናቴ፣ እጅዎ ምንም አልረሳም። ያደረጉት ነገር ስቶክሆልም ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር፣ አዲስ አበባ ስለሆነ ነው የተበላሸው፣ ቆይ ላስረዳዎት።

ስቶክሆልም ከባህር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፣ ውሃ እዛ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ይሳሳል፣ ስለዚህ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ ባቄላና ሽምብራ እዚህ አልበስል ብሎ የሚያስቸግረንም በዚሁ ምክንያት ነው። ማርማላታ ደግሞ የሚረጋው ውሃው ተንኖ ተንኖ ስኳሩ ከመቶ 65 አካባቢ ሲደርስ ነው፣ በዛ ሰዓት ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር የሚፈላበት ሙቀት ከተራ ውሃ በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ይበልጣል። ባህር ዳርቻ ላይ 104፣ 105 የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ወደ አዲስ አበባ ስናመጣው 96 ወይም 97 ይሆናል። እንግዲህ ያዩት 97 ደርሶልዎት ነበር ማለት ነው! ከዛ በኋላ የጠበቁት በሙሉ ውሃውን ጨርሶ ስኳሩን ማሳረር ነበር።

ስለዚህ የቁጥሩን ነገር እንዲህ ያድርጉት፣ ስራ ከመጀመርዎ በፊት ባዶ ውሃ አፍልተው ቴርሞሜትሩን ይክተቱና ስንት እንደሚል ይዩ፣ እዛ ላይ 5 ይደምሩ፣ አለቀ። ይሄ የትም ይሰራል። ሀዋሳ ያለ ሰው ውሃው 94 አካባቢ ይፈላለታል፣ ድሬዳዋ 96 አካባቢ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከአዲስ አበባም ያነሰ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፣ ቴርሞሜትሩ ራሱ ትንሽ የሚያዛባ ከሆነ ሁለቱንም ጊዜ እኩል ስለሚያዛባ ችግር አይፈጥርም።

ሁለተኛው ነገር ፍሬው ነው፣ ጥያቄዎ ላይ ጥሩ አንስተውታል። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባል ፍሬው ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ እሱም ብቻውን አይሰራም፣ ስኳርና አሲድ ይፈልጋል። ሊንጎን ሁለቱንም፣ ፔክቲኑንም አሲዱንም፣ ተሸክሞ የሚመጣ ፍሬ ነው፣ በዛ ላይ በተፈጥሮው ቤንዞይክ አሲድ አለው፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ስዊድኖች ሳያበስሉት እንዲሁ በስኳር አሽተው ሲያስቀምጡት አይተው ይሆናል። እንጆሪ እንደዛ አይደለም። መዓዛው ልዩ ነው ግን ፔክቲኑ ትንሽ ነው፣ አሲዱም ብቻውን አይበቃውም። ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሱ፣ እዛ ሱፐርማርኬት ውስጥ ለማርማላታ ተብሎ የሚሸጥ ስኳር አለ፣ ፔክቲንና ሲትሪክ አሲድ አብሮ የተቀላቀለበት። ያኔ የሚጠቀሙት እሱን ከነበረ ጥቂት ደቂቃ አፍልተው ማውረድ ነው የለመዱት፣ የኛ ተራ ስኳር ያን አያደርግልዎትም።

ታዲያ ፔክቲኑን ከየት እናምጣ? ከጎናችን አለ። እንጆሪውን ሲገዙ ሁሉም ደም የመሰለ አይሁን፣ ሩብ ያህሉ ገና ነጭ ነጭ ያለበት ይሁን፣ ያልበሰለው ፍሬ ፔክቲኑ ይበዛል። የሎሚውን ፍሬ አይጣሉ፣ በንጹህ ሻሽ ቋጥረው ድስቱ ውስጥ ይክተቱትና ሲያወርዱ ጨምቀው ያውጡት። ከሁሉም እኔ የምወደው ግን ዘይቱን (ጉዋቫ የሚባለውን ፍሬ) ነው፣ ጠንከር ያለ ገና ያልበሰለ ዘይቱን አንድ ሁለት ቆራርጠው በጥቂት ውሃ ቀቅለው ውሃውን ብቻ አጥልለው ቢጨምሩበት ሲረጋ ያዩታል፣ ጣዕሙም ከእንጆሪ ጋር ይዋደዳል። ኮርንስታርች ጨምሩበት የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ በፍጹም አልመክርም፣ መልኩን ያደፈርሰዋል፣ አፍ ውስጥም ገንፎ ገንፎ ይላል።

ልኩ እንዲህ ነው፣ ለ1 ኪሎ የተጠረገ እንጆሪ 800 ግራም ስኳርና 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። እንጆሪውን መጀመሪያ ይጠቡት ሳይሆን በውሃ ያጥቡት፣ አናቱን ከዛ ነው የሚቆርጡት፣ ቀድመው ከቆረጡት ውሃ ይጠጣል። ስኳሩን ነስንሰውበት ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት፣ ጠዋት ሲከፍቱት በራሱ ጭማቂ ውስጥ ተኝቶ ያገኙታል፣ ጠብታ ውሃ መጨመር አያስፈልግም። ድስቱ ሰፊና ስቴንለስ ይሁን፣ አሉሚኒየም አሲዱ ስለሚበላው ጣዕሙን ያበላሸዋል። በአንዴ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ አይስሩ፣ ብዙ ሲሆን ውሃው ቶሎ አይወጣለትም፣ እሳት ላይ ሲቆይ ደግሞ ቀይነቱ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ መዓዛውም ይጠፋል። መጀመሪያ በለስላሳ እሳት ስኳሩ ሟሙቶ እስኪያልቅ ያማስሉት፣ በማማሰያው የድስቱን ቂጥ ሲነኩት አሸዋ አሸዋ ማለቱ እስኪቀር፣ ከዛ ነው እሳቱን ከፍ የሚያደርጉት።

አሁን ዓይንዎን ድስቱ ላይ ይጣሉ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሮዝ አረፋ ይነሳል፣ እስከ አፉ ይመጣል፣ አይደንግጡ፣ ቆይቶ በራሱ ይወርዳል። አረፋው ሲወርድ የሚፈነዱት ነገሮች ትልልቅና የሚያብረቀርቁ ይሆናሉ፣ ድምጹም ይለወጣል፣ ቅድም ሹሹሹ ይል የነበረው ወፈር ብሎ ቷ ቷ ማለት ይጀምራል። ያኔ ማማሰያውን አንስተው በጎኑ ይያዙት፣ ካልደረሰ ጠብ ጠብ እያለ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ከደረሰ ሁለት ጠብታ ጫፉ ላይ ተያይዞ አንድ ላይ ነው የሚወርደው። በዚህ ሰዓት ድስቱን ከእሳት ያውርዱ (ሰው የሚረሳው ይሄን ነው፣ እየፈተነ ድስቱ መፍላቱን ይቀጥላል)፣ ቀድመው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጡት ሳህን ላይ ትንሽ ጠብ አድርገው አንድ ደቂቃ መልሰው ይክተቱትና በጣትዎ ገፋ ያድርጉት። ቆዳው ከተጨማደደ ረግቷል። ካልተጨማደደ ሁለት ሶስት ደቂቃ ይጨምሩለት። እውነቱን ለመናገር ከቴርሞሜትሩ ይልቅ እኔ የማምነው ሳህኑን ነው።

ከወረደ በኋላ 10 ደቂቃ ይረፍ፣ ትኩሱን ወዲያው ከቀዱት እንጆሪው ሁሉ ተንሳፍፎ ላይ ይቀራል። ጠርሙሶቹ ትኩስ ይሁኑ፣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይሰነጠቃል። ለልጆቹ ቶሎ የሚበላ ከሆነ ንጹህ ትኩስ ጠርሙስና ፍሪጅ ይበቃል። ለወራት ከፍሪጅ ውጪ ማስቀመጥ ካሰቡ ግን ከፍታው እዚህም ይገባበታል፣ ባህር ዳርቻ ላይ ባዶ ጠርሙስ 10 ደቂቃ ከተቀቀለ በየ300 ሜትሩ አንድ ደቂቃ ይጨመራል፣ አዲስ አበባ ላይ 18 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፣ ከሞሉና ከከደኑት በኋላም ውሃ ውስጥ አጥልቀው 15 ደቂቃ ያፍሉት።

ያ የቀጠነው አሁንም ፍሪጅ ውስጥ ካለ አይድፉት። ከዘይቱኑ ውሃና ከትንሽ ሎሚ ጋር መልሰው ያፍሉትና በ97 ያውርዱት፣ ይድናል። ያረረው ግን አይድንም፣ መራራነቱ አይለቅም።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ነው የምሰራው፣ ፍሮዝን እንጆሪ እዚህ ርካሽ ነው፣ ማዳሜም ልጆቹም ማርማላታ ይወዳሉ፣ በፍሮዝን ይሰራል?

መልስ፦ አዎ እህቴ በደንብ ይሰራል። እስኪቀልጥ አትጠብቂ፣ ከነበረዶው ስኳሩን አድርጊበትና በለስላሳ እሳት ጀምሪ። በረዶ ፔክቲኑን ትንሽ ስለሚያዳክመው ሎሚውን አንድ ማንኪያ ጨምሪ። ዱባይ ባህሩ ላይ ስለሆነች ላንቺ የሚሰራው ቁጥር 104፣ 105 ነው፣ ላይ ለእናታችን የጻፍኩትን 97 እንዳትጠቀሚ፣ ይቀጥንብሻል።

ጥያቄ፦ አባቴ ስኳር በሽታ አለበት፣ ስኳሩን በግማሽ ቀንሼ ወይ በማር ተክቼ ብሰራለትስ? ደግሞ ከላይ ትንሽ ሻጋታ ቢይዝ ገፍፎ መብላት ይቻላል ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ በማር መተካቱ ለአባትህ ምንም አያቀልለትም፣ ማርም ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ምን ያህል መብላት እንደሚችል ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ስኳሩን በግማሽ መቀነስ ይቻላል ግን ያው አይረጋም፣ ለሱ ተብሎ የሚሸጥ በካልሲየም የሚረጋ ሌላ ዓይነት ፔክቲን አለ፣ ውጪ ዘመድ ካለህ አስልክ። ካልሆነም ቀጠን ብሎ በማንኪያ እርጎ ላይ የሚደረግ ይሁንለት። ስኳር ለጣዕም ብቻ አይደለም የሚገባው፣ ውሃውን ይዞ ሻጋታ እንዳይበቅል የሚያደርገው እሱ ነው፣ ስለዚህ ስኳር የቀነሰ ማርማላታ ውጪ አይቀመጥም፣ በትንንሽ ጠርሙስ ከፍለህ ፍሪዘር ክተተውና የከፈትከውን ፍሪጅ አድርገህ በሁለት ሳምንት ጨርሱት። ሻጋታውን ገፍፎ መብላት ግን ይቅር። ላይ የምታየው ትንሽ ነው፣ የሚያመነጨው መርዝ ወደ ታች ዘልቆ ሊሆን ይችላል፣ ጠርሙሱን በሙሉ ድፋው።