ዝም ያለችው ተማሪዬ ምን ሆና ነው?

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል መምህር ነኝ፤ ክፍሌ 65 ተማሪ አለው፤ ትምህርት ቤቱ አማካሪ የለውም። አንዲት የ10 ዓመት ተማሪዬ ካለፈው ወር ጀምሮ ዝም ብላለች። ጠዋት ጠዋት ሆዴን ትላለች፤ አንዳንዴም ፍዝዝ ብላ ትቀራለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሚረብሽ ልጅ ሳይፈልጉት ይታያል፤ ዝም ያለው ግን «ጨዋ ነው» ተብሎ ይታለፋልና ልብ ማለትዎ ጥሩ ነው። ለበሽታው ስም ማውጣት የእርስዎ ሥራ አይደለም። የእርስዎ ድርሻ ያዩትን መመዝገብ ነው፤ ሐኪም በአጭር ምርመራ የማያገኘውም ይህንኑ ነው።

ለ2 ሳምንት በየቀኑ ሁለት መስመር ይጻፉ። «ከፍቷታል» አይበቃም፤ «ሰኞ ሒሳብ ሲጀመር ሆዷን ይዛ አቀረቀረች፤ በእረፍት ብቻዋን ተቀመጠች» ይጠቅማል። ሕመሙ በትምህርት ቀን ብቻ መጥቶ በእረፍት ቀን ከጠፋ፣ ጭንቀት ወይም የሚያስፈራራት ሰው መኖሩ ይጠረጠራል። እያስመሰለች ነው ማለት ግን አይደለም፤ ጭንቀት የእውነት ሆድ ያማል። ቁርስ መብላቷን፣ እንቅልፏን፣ ማየትና መስማቷንም ያጣሩ።

መፍዘዟን ለብቻው ይከታተሉ። ስሟን ጠርተው ትከሻዋን ነካ ሲያደርጓት ከባነነች ምናልባት ሐሳብ ይዟት ነው። እያወራች በድንገት ተቋርጣ፣ ለ5 – 15 ሰከንድ ያህል ዐይኗ ፈጥጦ፣ ሲነኳትም ሳትመልስ ቆይታ ምንም እንዳልተፈጠረ ከቀጠለች ግን አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። መውደቅም መንፈራገጥም ስለሌለው ብዙ ጊዜ ስንፍና ይመስላል። መድኃኒት አለው፤ ምርመራው አይዘግይ።

ሲያነጋግሯት ከጓደኞቿ ፊት አይሁን፤ በሩ ክፍት ሆኖ ጎን ለጎን ይቀመጡ። «ሰሞኑን ዝም ብለሻል፤ የከበደሽ ነገር አለ?» ብለው ይጠብቁ፤ ዝምታውን በምክር አይሙሉት። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ፤ ጥቃት ከነገረችዎ መጠበቅ የማይችሉት ቃል ነው። አጥቂው የቤት ሰው ከሆነ ደግሞ ወላጅ መጥራት ሊያባብስባት ስለሚችል፣ መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩንና የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ያማክሩ።

ክፍል ውስጥ ተነሥታ እንድታነብ አያስገድዷት፤ ከምትቀርባት ልጅ ጋር ጥንድ ሆና ትሥራ። በ65 ተማሪ መሃል ከዚህ በላይ ከእርስዎ አይጠበቅም።

ሁኔታዋ ከ2 ሳምንት በኋላም ካልተሻለ፣ አሳዳጊዋ ማስታወሻዎን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። መሞት እንደምትፈልግ ከተናገረች ወይም ራሷን ከጎዳች ግን በዚያው ቀን ትታይ፤ እስከዚያ ብቻዋን አትሁን። ከጠረጠሩ በቀጥታ ይጠይቋት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምርም።